ዕዳህ ተሰርዟል ለሚል ስልክ ምን እንመልስ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



በዛሬው የበዓል ቀን ስለ ትምህርት ቤታችን ያለፈ ታሪክ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ከሮቤ፥ ከጎባና ከአካባቢው ገጠር ወደ ዩኒቨርስቲ ለመሄድ የምንዘጋጅ እንደ መሆናችን መጠን፥ ወደ ፊት ስለሚጠብቀን አንድ ነገር ለመናገር መረጥን። ይኸውም ስለ ትምህርት ዕዳና በዚሁ ዕዳ ስም በስልክ ስለሚመጣው ማታለል ነው።

ነገሩን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከእኛ መካከል የአንዱ ታላቅ ወንድም ከዩኒቨርስቲ ተመርቆ ሥራ በመፈለግ ላይ ሳለ፥ አንድ ቀን ጧት ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ በትሕትና ሙሉ ስሙን ጠርቶ የተማረበትን ክፍልና የተመረቀበትን ዓመት ተናገረ። ቀጥሎም «የምሥራች! የወጪ መጋራት ዕዳቸው ከሚሰረዝላቸው ተመራቂዎች አንዱ አንተ ነህ። ነገር ግን መዝገቡ ዛሬ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። የአገልግሎት 1,800 ብር ላክና አሁን በስልክህ የሚደርስህን ቁጥር አንብብልኝ» አለው። ልጁም ደስታና ጥድፊያ ስለ ተደባለቀበት ገንዘቡን ላከ፤ ቁጥሩንም አነበበ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፥ እናቱ ስንዴ ሸጠው ለሥራ ፍለጋ የላኩለት ገንዘብ ሁሉ ከስልክ ሒሳቡ ጠፋ። መልሶ ቢደውል ስልኩ ተዘግቷል።

ከዚህም የከፋው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልጁ «የተማረ ሰው እንዴት ይታለላል?» እንዳይባል አፍሮ፥ ለማንም ሳይናገር 11 ቀን ቆየ። እናቱ «መቼ ነው የምትሄደው?» ሲሉት «ነገ» ይላል። በመጨረሻ ሲናገር ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ የት እንደ ገባ አልታወቀም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

እንግዲህ ለመታለል በር የሚከፍተው አለማወቅ ስለ ሆነ፥ ዕዳው በእውነት ምን እንደ ሆነ አስቀድመን እንወቅ። በአገራችን በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የሚማር ሰው ወጪውን ከመንግሥት ጋር እንዲጋራ የሚያደርገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራ ተደንግጎ ነበር። ለዚህም በዩኒቨርስቲው ውል ይፈርማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ እንዲከፈልም ደንቡ አዝዞ ነበር፤ የሚቀንሰውም አሠሪው ሲሆን ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። በመምህርነት ለሚያገለግሉም በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍሉ ደንቡ መንገድ ከፍቷል።

ልብ በሉ! በዚህ ሁሉ ውስጥ ውል አለ፥ መዝገብ አለ፥ መሥሪያ ቤት አለ። በጧት ስልክ ተነግሮ በስድስት ሰዓት የሚያልቅ ነገር ግን የለበትም። በውልና በፊርማ የገባ ዕዳ በውልና በማስረጃ ይወጣል እንጂ፥ ፊቱን ባላየነው ሰው ቃል አይሰረዝም።

ይህ ዓይነት ተንኰል በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ባይደን የተማሪዎችን ብድር በከፊል እንደሚሰርዙ ባስታወቁ ጊዜ፥ አታላዮች ይህንኑ ዜና ይዘው ሊደውሉ እንደሚችሉ የአገሩ የንግድ ኮሚሽን ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። በ2023 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዕቅዱን ውድቅ አደረገው፤ የአታላዮቹ ስልክ ግን በዚያ አላበቃም። በዚያ አገር ከመንግሥት ለተወሰደ የትምህርት ብድር እፎይታ ማመልከት በነፃ ነውና፥ ክፍያ የሚጠይቅ ደዋይ በዚሁ ይታወቃል። ባሕር ማዶ ወንድምና እኅት ያላችሁ ይህን ንገሩልን።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንለፍ። በሳነቴ አምባ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን አንዳንድ ጊዜ በከብት መንጋ መካከል ተደብቆ እንደሚጠጋ ያጠኑት ሰዎች ጽፈዋል። ቀበሮስ ለዕለት ምግቡ ነውና አይነወርም። አታላዩም እንደዚሁ ብቻውን አይመጣም፤ በባንክ፥ በቴሌ ወይም በትምህርት ሚኒስቴር ስም ተከልሎ ይመጣል። ነገር ግን አራት ነገሮች ያጋልጡታል።

አንደኛ፥ ያስቸኵላል። «አሁን፥ ዛሬ፥ ሳይዘጋ» ይላል፤ ጊዜ ካገኘን እንደምንጠይቅ ያውቃልና። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፥ ስጦታ ለመስጠት ገንዘብ ይጠይቃል። ዕዳን የሚምር ሰው ስለ ምን ብሎ አስቀድሞ ይቀበላል?

ሦስተኛ፥ ምስጢር ቁጥራችንን ወይም በመልእክት የደረሰንን ቁጥር እንድናነብለት፥ ወይም ከኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቅ ቁጥር እንድንነካ ያዝዛል። ያ ቁጥር የቤታችን ቁልፍ ነው። ቁልፉን ካልሰጡኝ ገንዘብ ልሰጥዎ አልችልም የሚል ባንክ የለም።

አራተኛ፥ «ለማንም አትናገር» ይላል።

ስማችንን ማወቁ ግን ማስረጃ አይሁነን። ይህ የምታነቡት የበዓል መጽሔት እንኳ የብዙዎቻችንን ስም፥ ፎቶግራፍና ክፍል ይዟል፤ የምረቃ መጽሔትም እንደዚሁ ነው። በፌስቡክና በቴሌግራም የምንለጥፈውንማ ማን ይቈጥረዋል?

እንግዲህ ስልኩ ሲመጣ ምን እናድርግ? መልሱ አጭር ነው፤ ስልኩን መዝጋት። ከደዋዩ ጋር መከራከር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ እኛው ራሳችን በምናውቀው ቁጥር እንደውል፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፥ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው። ስለ ወጪ መጋራት ደግሞ ውሉን የፈረምንበትን ዩኒቨርስቲ ወይም የግብሩን መሥሪያ ቤት በአካል ሄደን እንጠይቅ።

ገንዘቡ አስቀድሞ የተላከ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ መቸኰል ተገቢ ነው። ወዲያው ገንዘቡ ወደ ወጣበት ድርጅት ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ፥ ምስጢር ቁጥሩን መለወጥ፥ የደዋዩን ቁጥር፥ ሰዓቱንና የክፍያውን መለያ ቁጥር በወረቀት መጻፍ፥ መልእክቱን ሳያጠፉ ወደ ፖሊስ መሄድ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህን የመሰለውን ማታለል ወንጀል አድርጎ ይቀጣልና፥ የተታለለ ሰው ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ አይደለም።

ስለዚህ የመጨረሻ ቃላችን ለእናንተ ለወላጆቻችንና ለመምህራኖቻችን ነው። ከመካከላችን አንዱ ተታልሎ ወደ እናንተ ሲመጣ፥ እባካችሁ «ይህን ሁሉ ዓመት ምን ተማርህ?» አትበሉት። አስቀድማችሁ «መቼ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁትና አብራችሁት ሂዱ። ቍጣው ለማታ ይደርሳል፤ ገንዘቡ ግን አይቈይም። ያ ወንድማችን 11 ቀን ዝም ያለው ሌባውን ፈርቶ ሳይሆን የቤቱን ሰው አፍሮ ነበር።

እኛም በበኩላችን አንድ ቃል እንገባለን። በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን በቤታችን ስልክ ለያዙ አባቶችና እናቶች፥ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፥ ዛሬ ያልነውን እናስረዳለን። የተማርነውን ለሰፈራችን ካላካፈልን ግን ከመንግሥት ዕዳ ሌላ የወላጆቻችንም ዕዳ አለብን፤ ይህን ዕዳ ደግሞ የሚሰርዝ የለም።