ስልካችሁን አጥፉ ያሉን ቦታ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ከማኅበራችን ስምንት ተማሪዎች ሆነን እንግሊዝ አገር ሄደን ነበር። እዚያም ከማንቸስተር ከተማ ብዙ የማይርቀውን የጆድሬል ባንክ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ማዕከል ጎበኘን። ያየነውን ንገሩን ስላላችሁን ይኸው ቆመናል።

መጀመሪያ ያሉን ነገር፣ ስልካችሁን አጥፉ ነው። እዚያ ያለው ትልቁ ቴሌስኮፕ በዓይን የሚያዩበት አይደለም፤ ከሰማይ የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ነው የሚቀበለው። ሞገዱ በጣም ደካማ ስለሆነ የአንድ ሰው ስልክ ሊሸፍነው ይችላል። እንደ ሳህን የተሠራው አንቴና ስፋቱ 76 ሜትር ነው፤ ሥራ የጀመረው በ1957 ነው። ያን ቀን ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ እሱ ግን ሥራውን አላቆመም። የሬዲዮ ሞገድ ደመናን አልፎ ይመጣል።

በማዕከሉ ፐልሳር የሚባሉትን ከዋክብት ይከታተላሉ። እነዚህ እየተሽከረከሩ እንደ ሰዓት ሳያዛንፉ ምልክት ይልካሉ። መጀመሪያ የታወቁት ግን በካምብሪጅ ነው፤ በ1967 ያየቻቸውም ጆስሊን ቤል የምትባል የ24 ዓመት ተማሪ ናት።

ይህች ልጅ ከሰሜን አየርላንድ ነው የመጣችው። ካምብሪጅ ስትገባ፣ በስህተት ነው የተቀበሉኝ፣ አንድ ቀን ያባርሩኛል እያለች ትፈራ ነበር። ስለዚህ ምንም ሳታልፍ ትሠራ ነበር። መሣሪያው በየቀኑ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ወረቀት ያወጣል፤ እሷ ሁሉንም በዓይኗ ትመረምራለች። አንድ ቀን ትንሽ ጭረት የመሰለች ምልክት አየች። አስተማሪዋ ሰው የፈጠረው ረብሻ ነው ብሎ ነበር። እሷ አልተወችውም። በየ1.3 ሴኮንዱ የሚደጋገም የኮከብ ምልክት ሆኖ ተገኘ።

በ1974 የኖቤል ሽልማቱ ለአስተማሪዋ ተሰጠ፣ ለእሷ አልተሰጠም። በ2018 ግን ሌላ የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አገኘች። ገንዘቡን በሙሉ በፊዚክስ ትምህርት ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ወገኖች ለሚመጡ ተማሪዎች መማሪያ አደረገችው።

ወላጆቻችን፣ ይህን የምንነግራችሁ በምክንያት ነው። ከእኛ መካከል፣ ለአንተ ባለ 3 የሂዶት ሒሳብ ይበቃሃል የተባለ አለ። ነገ ለልጃችሁም እንዲህ ቢባል ወዲያው አትፈርሙ። ለምን? ብላችሁ ጠይቁ። ዕብራይስጡ ቢከብዳችሁ አብረናችሁ እንሄዳለን። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በማኅበሩ ቤት ሒሳብ እናስጠናለን፤ ልጆቻችሁን ላኩልን።