የአሮጌ ቤት የዘር ሐረግ፤ የሐርጌሳ ነገር
(ለከተማው ሕዝብና ለአስተዳደሩ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ማንም ሰው አሮጌ ቤት ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎ ጣራው ያፈስስ እንደ ሆነ ይመለከታል። ይህ ቤት ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ክርክሩ በዳኛ ፊት በቀረበ ጊዜ የሚፈለገው ደግሞ ይኸው ያልተመረመረው ነገር ነው።

በማዕድን ከተማ ቢሆን ሥራው በመጠኑ ይቀላል። ቤቱን አብዛኛውን ጊዜ ያሠራው ኩባንያው ስለ ሆነ፣ የኩባንያው መዝገብ ከተገኘ የቤቱ ታሪክ ተገኘ ማለት ነው። ሐርጌሳ ግን በማዕድን አልተቆረቆረችም። በ19ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሼክ ማዳር ደቀ መዛሙርታቸውን አስከትለው የሰፈሩባት፣ ወደ በርበራ የሚወርደው ሲራራ የሚያርፍባት ስፍራ ነበረች። ስለዚህ የመጀመሪያው ይዞታ በወረቀት ሳይሆን በሰው አፍ የኖረ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በከተማው የታወቀውን አንድ ስፍራ መውሰድ ይበቃል፤ ይኸውም እስከ ዛሬ «ስቴት ሐውስ» እየተባለ የሚጠራው የቀድሞው የእንግሊዝ አገረ ገዥ መኖሪያ ነው። ኢጣልያኖች በነሐሴ 1940 የያዙትን አገር እንግሊዞች በመጋቢት 1941 ካስለቀቁ በኋላ፣ የግዛቱ መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ተዛወረ። የአገረ ገዥው መኖሪያም በዚሁ ከተማ ሆነ። ቤቱ የአገረ ገዥው የግል ሀብት ስላልነበረ፣ ሰኔ 26 ቀን 1960 ነፃነት በታወጀ ጊዜ ከመንግሥቱ ሥልጣን ጋር ተላለፈ፤ ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ ሁለቱ ሶማሌዎች በመዋሐዳቸው የሶማሌ ሪፑብሊክ ሀብት ሆነ። በጥቅምት 1969 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ባለሥልጣኑ ተለወጠ እንጂ ባለቤቱ አልተለወጠም፤ ያው መንግሥት ነው። እስከዚህ ድረስ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም።

በግንቦት መጨረሻ 1988 የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ከተማዋ በገቡ ጊዜ፣ የመንግሥቱ ጦር ሐርጌሳን በመድፍና ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ በሚነሡ አውሮፕላኖች ደበደባት። ከከተማይቱ የሚበልጠው ክፍል ፈረሰ። ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ በጅጅጋ አቅራቢያ ያለው የሐርታ ሼክ ሰፈርም በዚያን ዘመን በዓለም ካሉት ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ሆነ። በ1991 ስደተኛው ሲመለስ ቤቱ ፍርስራሽ፣ መዝገቡም የጠፋ ሆኖ ቆየው። መጠለያ ያጡ ቤተ ሰቦችም በአገረ ገዥው ቅጥር ውስጥ ዳሳቸውን ጣሉ። በ2013 ገደማ ከነዚህ አንዳንዶቹ በከተማው ዳር ወዳለው ወደ ዲጋሌ ተዛወሩ፤ በዚያው በቅጥሩ ውስጥ ልጅ ወልደው ያሳደጉም ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ የማን ነው? በግንቦት 31 ቀን 1991 ዓ.ም. አይደለም፣ ልክ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 31 ቀን 2001 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የሶማሌላንድ ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ መሬት የሕዝቡ የጋራ ሀብት መሆኑንና ኀላፊነቱም የመንግሥት መሆኑን ይደነግጋል፤ በ31ኛው አንቀጽ ደግሞ የግል ንብረትን መብት ያጸናል። ስለዚህ በቅጥሩ ውስጥ የተቀመጠው ሰው በመሬቱ ላይ የባለቤትነት ማስረጃ የለውም። ነገር ግን ብዙ ዓመት የኖረበትን ሰው የሌሊት ወራሪ አድርጎ መቍጠር ታሪኩን አለማንበብ ነው፤ መንገዱን ያመጣው ጦርነት እንጂ ስስት አይደለም።

የግል ቤት ነገር ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። ወረቀት በሌለበት ምስክር ይፈለጋል፤ ጎረቤት፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ አቂሉ፣ ውሉን የጻፈው ሰው። በዚህ ጊዜ ምስክሩን «ቤቱ የእገሌ እንደ ሆነ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ትርፍ የለውም፤ አዎን ይላልና። «ከጦርነቱ በፊት በስተ ምሥራቅ የሚያዋስነው ማን ነበር? ኪራይ ይቀበል የነበረው ማን ነው? ጕድጓዱን ማን አስቈፈረው?» ቢባል ግን እውነተኛው ከሐሰተኛው ይለያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የውርስ ነገር ነው። አባት ከሞተ ቤቱ በሸሪዓ ለወራሾቹ ሁሉ ይከፈላል፤ ልጆች ካሉ ሚስቲቱ ከስምንት አንድ እጅ ታገኛለች፣ ሴት ልጅም የወንድሟን እኵሌታ ትወርሳለች። በከተማው የቀረው ታላቅ ወንድም ብቻውን ፈርሞ ቢሸጥ፣ በካርዲፍ ወይም በጅቡቲ ያለችው እኅቱ ድርሻ አልተሸጠም። ገዥው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ግንቡን አድሶ፣ ከዓመታት በኋላ የሰው ድርሻ ይዞ ይገኛል። ወንድምና እኅትንም በአንድ ችሎት ፊት የሚያቆማቸው ይኸው ነው።

የከተማው አስተዳደር በ2000ዎቹ ዓመታት ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ቤቶቹን አስቈጥሮ ለግብር መዝግቧል። መልካም ሥራ ነው፤ የከተማውንም ገቢ አሳድጓል። ሆኖም የግብር ደረሰኝ የከፈለውን ሰው ያሳያል እንጂ ባለቤቱን አያሳይም። ተከራይም ሊከፍል ይችላል፤ ባዶ ቤት አግኝቶ የገባም ይከፍላል። ስለዚህ ደረሰኝ ብቻ ይዞ የስም ዝውውር የሚለምን ባለ ጉዳይ በመጣ ጊዜ፣ ጸሓፊው ማኅተሙን ከማንሣቱ በፊት የአባቱን ስም፣ የወራሾቹን ቍጥርና እያንዳንዳቸው ያሉበትን አገር ጠይቆ በመዝገቡ ኅዳግ ላይ ይጻፍ።