ጦስኝ ሁሉ አንድ ነውን?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጦስኝ ነው። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ጦስኝ አያበቅልም። ጦስኝ ብርድ ይወዳል። አገሩ ከ2,200 ሜትር በላይ ያለው ደጋ ነው። እኛ በሻይና በበርበሬ የምናውቀው ከደጋ ተለቅሞ የወረደውን ነው።

ገበያ ላይ ቅጠሉን በጣታችሁ አሽታችሁ፣ «ይኸኛው ያቃጥላል፣ ያኛው ለዘብ ይላል» ትላላችሁ። አንዳንዱ ሰው ይህን የነጋዴ ወሬ ያደርገዋል። ወሬ አይደለም፤ አፍንጫችሁ ልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ጥቂት የመዓዛ ዘይት አለ። እንደ ምግብ ዘይት አይደለም፤ ሙቀት ሲያገኘው ይተናል። የሚወጣውም በእንፋሎት ነው። በድስት ክዳን ላይ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ጠብ ጠብ ሲል አይታችሁ የለም? ልክ እንደዚያ። ዘይቱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ሊቃውንት ይህን ዘይት ሲመረምሩ በአንዱ ቦታ ጦስኝ ታይሞል የሚባለው በዝቶ አገኙ፤ በሌላው ቦታ ደግሞ ካርቫክሮል።

ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፊደል ቆጥረናልና በፊደል እናስረዳ። እስቲ «ሉ»ን እና «ሊ»ን ጻፉ። ገላቸው አንድ ነው፤ ቅጥያቸውም አንዲት ጭረት ናት። በ«ሉ» ከወገቡ ትወጣለች፣ በ«ሊ» ከእግሩ። ድምፁ ግን ሌላ ሆነ! ታይሞልና ካርቫክሮልም እንዲሁ ናቸው። የተሠሩበት ነገር አንድ ነው፤ አንዲት ክፍል የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ይለያያል። ሁለቱም ሻጋታን ይከላከላሉ። በብዙ አገር ንብ አርቢዎች ታይሞልን ቀፎ ውስጥ እያስቀመጡ ከንቡ ላይ የሚጣበቀውን ጥቃቅን ተባይ ያጠፉበታል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከፊሉ ከአፈሩ፣ ከከፍታውና ከተለቀመበት ወር ነው። ከፊሉ ግን ከዘሩ ነው፤ የሚያሳስበንም ይህ ነው። ለቃሚው ብዙ ጊዜ ከነሥሩ ይነቅለዋል። የአንዱ ተራራ ጦስኝ እንዲህ ካለቀ የሌላው ተራራ አይተካውም። ስሙ አንድ ነው እንጂ ዘይቱ ሌላ ነዋ!

ደጋ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩልን፦ በማጭድ ከላይ ይቆረጥ፣ ሥሩ ይቅር። ለጓሮ የሚተክልም ቢሆን ከወደደው እናት ተክል ቅርንጫፍ ቆርጦ ይትከል፤ ቅርንጫፉ የእናቱን መዓዛ ይዞ ይበቅላል፣ ዘሩ ግን ሊለወጥ ይችላል። የሁለት ተራራ ጦስኝም በአንድ ከረጢት አይቀላቀል። አሁን መጻፍ ችላችኋልና በየከረጢቱ ላይ የተራራውን ስምና የተለቀመበትን ወር በከሰል ጻፉበት።