ባንኮክ ላይ ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ ቤተሰቦች



ባንኮክ ለሥራ የሄዱ ቤተሰቦች፣ «በየወሩ ኪራይ ከምንከፍል ለልጆቻችን አንድ ባለ ፎቅ ቤት ብንገዛስ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቤቱ አስቀድመን የቆመበትን መሬት እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የታይላንድ የመሬት ሕግ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ የውጭ አገር ሰው መሬት እንዲይዝ አይፈቅድም። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው ቤት ደግሞ የሚሸጠው ከነመሬቱ ነው። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን፣ የውጭ ሰዎች ድርሻ ከጠቅላላው የቤቶች ስፋት ከመቶ 49 እስካላለፈ ድረስ፣ መግዛት ይቻላል።

መሬት ላይ ያለ ቤት የግድ ካስፈለገ እስከ 30 ዓመት መከራየት ይቻላል። ከ3 ዓመት የሚበልጥ ውል ግን በመሬት መሥሪያ ቤት ካልተመዘገበ ከ3 ዓመት በላይ አይጸናም። «ሲያልቅ ይታደስላችኋል» የሚለውም ተስፋ ዋስትና አይደለም።

«በአገሬው ሰው ስም ግዙት» የሚል ደላላ አይጠፋም። ይህ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሲደረስበት መሬቱ እንዲሸጥ ይታዘዛል፤ ገዢውም ስሙን ያዋሰውም ይቀጣሉ።

እንግዲህ ቤት የምንፈልገው ልጆቻችን ተረጋግተው እንዲያድሩበት ከሆነ፣ በሰው ስም ከተገዛ ቤት በራስ ስም የተመዘገበ ኪራይ ይሻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፣ ቀብድ ሳትከፍሉ የራሳችሁን ጠበቃ አማክሩ።