ኮምፒውተሮቻችንን በምን እናገናኛቸው?

(የእድራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



የማቀርበው ጉዳይ የእድሩን ገንዘብ የሚነካ ስለሆነ ጥቂት ታገሡኝ። አባላት ለልጆቻችን መማሪያ ብለው የሰጡን አራት ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ በእድሩ ቤት ተቀምጠዋል። አራቱም እንደተኳረፈ ጎረቤት ለየብቻቸው ናቸው። አንዱ ላይ ያለውን መጽሐፍ ሌላው አያገኘውም። ልጆቹ በፍላሽ ሲያመላልሱ ቫይረሱንም አብረው ያመላልሳሉ። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የደብረ ታቦር ልጅ ታዲያ ማውስ የሚጨብጠው ፈተና ላይ ሲቀመጥ መሆን አለበት ወይ?

እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ባለፈው ዓመት ማንንም ሳልጠይቅ፣ አንቴናው ከበዛ ይበረታል ብዬ፣ ባለ አራት አንቴና ራውተር ገዛሁ። የእድሩ ቤት ግን ግድግዳው ድንጋይ፣ የጓዳው በር ቆርቆሮ ነው። ጓዳ ላሉት ሁለት ኮምፒውተሮች ምንም አልደረሳቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዘንድሮ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆቻችንን ቁጭ ብዬ ጠየቅኋቸው። የነገሩኝም ይህ ነው።

አንደኛ፣ የውጭ መስመርና የቤት ውስጥ መስመር ለየቅል ናቸው። ኢንተርኔት ከውጭ የሚመጣ ነው። ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ ማገናኘት ግን የቤታችን ጉዳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙዎቻችን ኮምፒውተሩ አበቃለት ብለን ጨርቅ አለበስነው። ለካስ እርስ በርስ የተገናኘ ቢሆን ኖሮ አንዱ ላይ የተጫነውን መጽሐፍ በሌሎቹ ማንበብ ይቻል ነበር። ደጁ ቢዘጋም እኮ ጓዳና ሳሎን ይገናኛሉ! መጽሐፉ ያለበት ኮምፒውተርና ማገናኛው መብራት ያግኙ እንጂ።

ሁለተኛ፣ ከመግዛት በፊት መቁጠር ነው። ብዙ ኮምፒውተር በገመድ የሚያገናኘው ሳጥን ስዊች ይባላል፤ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያው አይደለም። የእኛ አራት ኮምፒውተር፣ ባለ ገመድ መሰኪያው ማተሚያ፣ ከራውተሩ የሚመጣው አንድ ገመድ፣ ድምሩ ስድስት ነው። ባለ አምስት ቀዳዳው አይበቃንም፤ ባለ ስምንቱ ይበቃል፣ ሁለትም ይተርፋል። በቤቱ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ብቻ ያለው ሰው ግን ስዊች አይግዛ። ብዙው የቤት ራውተር ከጀርባው አራት ቀዳዳ ስላለው ያው ይበቃዋል።

አሮጌ ዕቃ ስትገዙ ሀብ የሚባል እንዳይሰጧችሁ። ሀብ እንደ እድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ለአንዱ የመጣውን ለሰፈሩ ሁሉ ይለፍፋል፣ መንገዱም ይጨናነቃል። ስዊች ግን መልእክቱን ከባለቤቱ ደጅ ያደርሳል።

ሦስተኛ፣ ገመዱ ነው። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚባለው ይሁን፤ እስከ 100 ሜትር ያለችግር ያደርሳል። ውስጡ ሙሉ መዳብ መሆኑን እዩ። ቀጭኑን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ስታደርጉት ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል። ስምንቱ ሽቦዎች በሁለቱም ጫፍ በአንድ ዓይነት የቀለም ቅደም ተከተል ይግቡ።

አራተኛ፣ ገመድ አልባውን ለስልክ እንተወው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ግድግዳ ማለፍ ይሻለዋል፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ሲያገኝ ግን ይደክማል። በአንድ ክፍል ላሉ ይሆናል። ለድንጋይ ግድግዳ ግን ገመድ ነው መድኃኒቱ።

አምስተኛ፣ መብረቅ። ክረምት የጉና ደመና ማጉረምረም ሳይጀምር ስዊቹንም ኮምፒውተሩንም ከመብራት ንቀሉ፤ ከውጭ የሚገባውንም ገመድ ንቀሉ። ከቤት ወደ ቤት በሜዳ ላይ የመዳብ ገመድ መዘርጋት ክልክል ይሁንልን። አንዱን የመታ መብረቅ ለሌላው ይተርፋልና።

እንግዲህ ያ በስሕተት የገዛሁት ራውተር አይጣልም። ለየኮምፒውተሩ ቁጥር የሚሰጠው፣ ለስልክም የሚያገለግለው እሱ ይሆናል። የሚጎድለን አንድ ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊችና ሙሉ መዳብ ገመድ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን ብቻዬን አልገዛም። ሦስት ሰው ምረጡ፤ ከሦስቱ አንዱ ወጣት ይሁን፤ ገመዱን ፍቀው አይተው ይግዙ። ደረሰኙ በዚሁ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ የፈለገ ቆሞ ያንብበው።

ውሳኔው የእናንተ ነው።