የለቀምነው እንጉዳይ ይበላል ወይ?



ትናንት ከትምህርት በኋላ አንዲት እናት ልጆቻቸው የለቀሙትን እንጉዳይ፣ ያንን የጅብ ጥላ የምንለውን፣ ይዘው «ልጄ፣ ይበላል ወይ?» አሉኝ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁ ዘማች ብሆንም በዓይን አይቼ መለየት አልችልም፤ ይህንኑ ነገርኳቸው።

ትል የበላው ደግ ነው ይባላል። ትሉን የማይጎዳ መርዝ ግን ሰውን ይገድላል። አብሮት የተቀቀለ ጠገራ ብር ካልጠቆረ ደኅና ነው ማለትም ስሕተት ነው። ከሁሉ የከፋው ዓይነት መርዙ ቢቀቅሉትም አይጠፋ።

ይበልጥ የሚያታልለው ሕመሙ ነው። የበላው ሰው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም ሳይሰማው ይቆያል፤ ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። በማግሥቱ የተሻለው ይመስላል፤ መርዙ ግን ጉበቱን እየጎዳ ነው። «ዳነ» ብላችሁ አትተኙ። የተረፈውን እንጉዳይ ይዛችሁ በሽተኛውን ቶሎ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

እኒያ እናት «ታዲያ ይህን ሁሉ ልጣል?» አሉ። ጣሉትና ቆጯችንን በጎመን በላን።