የማን ልጅ ነህ?

(በአፉላ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)



ልጆቻችን ከትምህርት ቤት «አቮዳት ሾራሺም» የሚባል፣ የቤተሰብን ሥረ መሠረት የሚያስጠና ሥራ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ልጅ በዚሁ ምክንያት የአያቱን መንደር በኢንተርኔት ፈለገ። በዕብራይስጥ እንደ ሰማው ጻፈው፤ የለም። ፊደል ለውጦ ጻፈው፤ ሌላ ነገር መጣለት። «እንዲህ የሚባል አገር የለም» ብሎ ዘጋው። ከጎኑ ቡና ያፈሉ የነበሩት አያቱ፣ «እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉት።

ልጁ ሰንፎ አይደለም። የፍለጋ መሣሪያው በመጀመሪያ የሚያየው የተጻፈውን ቃል ነው። የእኛ ስም ደግሞ አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ በአማርኛ ቢያንስ በስድስት መንገድ ይጻፋል። በዕብራይስጥ አንዱ በጻዲ፣ ሌላው በቴትና በሳሜኽ ይጽፈዋል። በዚህ ላይ በ1984 እና 1985፣ በኋላም በ1991 ስንመጣ ለብዙዎቻችን የዕብራይስጥ ስም ተሰጠን፤ የአያታችንም ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። ሦስት ስም ያለው አንድ ሰው በኮምፒዩተር ዘንድ ሦስት ሰው ነው።

የሕዝባችንም ስም እንዲሁ ነው። እኛ ራሳችንን «ቤተ እስራኤል» እንላለን። ልጁ ይህን በዕብራይስጥ ቢጽፍ በኢየሩሳሌም ያለው ቤት ይስራኤል ሰፈር ሊመጣለት ይችላል። ብዙዎቹ የቀድሞ መጻሕፍት ደግሞ «ፈላሻ» በሚለው ስም ነው የሚገኙት። ቮልፍ ሌስላው በ1951 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ ላይ ይህንኑ ቃል ይዟል። እንግዲህ ልጃችን የአባቶቹን ታሪክ ለማግኘት አባቶቹ የተሰደቡበትን ቃል መጻፍ አለበት ማለት ነው!

ይህን ችግር ቲም በርነርስ ሊ ገና ድሩን ሲያስብ አይቶት ነበር። በ1989 በሰርን የምርምር ተቋም ባቀረበው ጽሑፍ፣ መረጃን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ መደርደር እንደማያዋጣ፣ በቁልፍ ቃል መፈለግም ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ስለማይመርጡ እንደሚያስቸግር ገለጸ። መፍትሔ ያለው አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማያያዝን ነው። በ1994 የተጀመረው ያሁ ግን ድሩን በየመደርደሪያው ሊከፋፍለው ሞከረ፤ ያ ማውጫ በ2014 ተዘጋ። በ1998 የተመሠረተው ጉግል የትኛው ገጽ ወደ የትኛው እንደሚያመለክት በመቁጠር በለጠው።

ወገኖቼ፣ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? ሽማግሌዎቻችን እንግዳ ሲመጣ የስሙን ፊደል አይጠይቁም። «የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ይላሉ። ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ አማች እየተሻገሩ ሰውየውን ያገኙታል። ጋብቻ እንዳይበላሽ እስከ ሰባት ትውልድ የሚቆጥሩት በዚህ መንገድ ነው። ይህ ማያያዣ ግን ያለው በቃላቸው ብቻ ነው። ያልተጻፈውን ደግሞ ማንም መሣሪያ አያገኘውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ ሽማግሌ ጋር ተቀመጡ። ስምን ከነአባትና ከነአያት፣ መንደሩን ከነወንዙና ከነገበያው ጻፉ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ስም በአማርኛም በዕብራይስጥም፣ የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጉት። ፎቶግራፍም ቢሆን እነማን እንዳሉበት ካልተጻፈበት ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የመታወቂያ ቁጥርና የሕያዋንን የግል ጉዳይ ግን ከቤት አታውጡ። ሦስተኛ፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የአንድን ስም ልዩ ልዩ አጻጻፍ አንድ ላይ እንዲያያይዙ፣ የእኛን ነገር ሲደረድሩም ሽማግሌዎቻችንን እንዲጠይቁ በአንድ ድምፅ እንጠይቅ።

የዚያ ልጅ አያት መንደራቸውን፣ ወንዙን፣ የጎረቤቶቻቸውን ስም እየነገሩት እስኪመሽ ጻፈ። ቀጥሎ የሚፈልግ ልጅ «የለም» እንዳይባል፣ እኛም እንዲሁ እናድርግ።